ቤቶች፣ ውሻ ያዙ!

«የትኛው ነው የሚናከሰው?»

ትሕትና ይህን የጠየቀችው አዲሱ ገበያ፣ ሾዴ የሚባል ሰው ውሻ በሚያረባበት ግቢ ውስጥ ቆማ ነው። በሽቦ አጥሩ ውስጥ ያሉት ውሾች በአንድ ላይ ይጮሁባታል። አረንጓዴ ጋዋን የለበሰ፣ ቡችላ በብብቱ የሸጎጠ፣ በሌላው እጁ መርፌ የያዘ ወጣት ጀርባውን ሰጥቷት ቆሟል። የውሾቹ ባለቤት መስሏታል።

ወጣቱ ዞር ብሎ አያት።

«ማንን እንዲነክስልሽ ነው?»

«እ... ማለቴ... ሌባ ነዋ!»

«ሌባውን ታውቂዋለሽ?»

«ባውቀውማ ውሻ ፍለጋ እዚህ ድረስ ምን አመጣኝ!»

ሳቀ። ሲስቅ ብብቱ ውስጥ ያለው ቡችላም አብሮት ተንቀጠቀጠ። ትሕትና ፊቷ ጋለ። ሰው ጨንቆት ሲጠይቅ የሚቀልድ ወንድ አትወድም። ዓይኑን ግን ወዳዋለች፤ ይህን ለራሷ ያመነችው በኋላ ነው እንጂ።

ጭንቀቷ የእውነት ነበር። አባቷ ከሞቱ ዓመት አልሞላቸውም። ጉለሌ ላይ ያለው ቤታቸው ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ በፊት የመጨረሻው ቤት ነው፤ ከጓሮ አጥሩ ወዲያ ጫካ ነው። በሐምሌ ዝናብ አንድ ሰው በዚያ አጥር ዘሎ ገብቶ የውኃ ሞተራቸውን ነቅሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እናቷ ወይዘሮ ሙሉእመቤት መቀመጥ አልቻሉም። ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ይነሳሉ፤ የቆለፉትን በር ተመልሰው ይነካኩታል። ትሕትና ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ችግኝ ስትንከባከብ እየደወሉ «በሩን ቆልፈሽ ነው የወጣሽው?» ይሏታል። እሷም ቆልፋ እንደወጣች እያወቀች ቀኑን ሙሉ እግሯ አያርፍም። በመጨረሻ እናት ቆረጡ፤ ወይ ውሻ ይገባል፣ ወይ ቤቱ ተሽጦ ኮንዶሚኒየም ይገባል።

«ይሄ!» አሉ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ከኋላ ደርሰው። «ይሄ ጭንቅላቱ ድስት የሚያክለው! በቃ እሱ ይሁን።»

«እማማ፣ እሱ ሮትዋይለር ነው» አለ ወጣቱ። «ጎበዝ ጠባቂ ነው። ግን ገመዱን ማን ይይዘዋል?»

«እኔ ነኛ!»

«አንድ ቀን ድመት ካየ እርስዎን እየጎተተ እንጦጦ ማርያም ያደርስዎታል።»

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ሳቁ። ትሕትና ደንግጣ አየቻቸው። ከአባቷ ቀብር ወዲህ እናቷ ሲስቁ ስትሰማ ገና የመጀመሪያዋ ነው። ሰውየውን መቆጣት ያቆመችው እዚያች ላይ ነው።

«ጀርመን ሸፐርድስ?» አለች ድምፅዋን አለስልሳ። «ፖሊሶች የሚይዙት እሱን አይደል?»

«ነው። ግን ንጹሑ ዘር ሥራ ይፈልጋል። ሥራ ካጣ ተክልሽን እየነቀለ ይጫወታል።»

«ተክል እንዳለኝ በምን አወቅህ?»

«ጥፍርሽ ውስጥ አፈር አለ።»

እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። እሱ ደግሞ ስሙ ስብሐት እንደሆነ፣ የውሾቹ ባለቤት ሳይሆን የእንስሳት ሐኪም እንደሆነ፣ ሾዴ ዘንድ የመጣውም ለክትባት እንደሆነ ነገራቸው። ከዚያ ጥግ ላይ ወደተቀመጠች አንዲት ውሻ አመለከተ። እናቷ ሸፐርድ፣ አባቷ ያገራችን ውሻ ነው። ዓመት ሞልቷታል። ሌሎቹ ሲጮሁ እሷ ጆሮዋን አቁማ ወይዘሮ ሙሉእመቤትን ብቻ ታያለች።

«ሴት?» አሉ ወይዘሮ ሙሉእመቤት። «ሴት ውሻ ምን ታደርግልኛለች?»

«ወንዱ ሲያሻው አጥር ዘሎ ይሄዳል፣ እማማ። እሷ ግን ከቤቷ አትርቅም።»

«ውሻም እንደዚያው ነው እንዴ!» አሉ፤ ሾዴም ሳይቀር ሳቀ። ውሻዋ በዚያው ቀን ጉለሌ ገባች። ስሟን መከታ አሏት።

መከታን የሚያሠለጥናት ሰው ሲፈለግ ስብሐት «እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ» አለ። ሐኪም ውሻ ማሠልጠን ሥራው እንዳልሆነ ሦስቱም ያውቃሉ። ማንም ግን አልጠየቀም።

ቅዳሜ ሲመጣ ትሕትና ከጠዋት ጀምሮ መቆም መቀመጥ ይሆንባታል። ያጠበችውን ታጥባለች፤ ያጠጣችውን አበባ ታጠጣለች። የበሩ ብረት ሲንኳኳ ከመከታ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት።

«ሦስት ነገር አስተምራታለሁ» አለ ስብሐት። «ከማያውቁት ሰው እጅ አለመብላት። እናንተ ካልያዛችኋት በስተቀር በበሩ ማንንም አለማስገባት። ዱላ ይዞ ለሚመጣ ደግሞ ዱላውን መቀማት።»

«ለምን ዱላውን?»

«ሌባ ባዶ እጁን አይመጣም። ዱላውን ካጣ ደግሞ ሌባው እግሩን ነው የሚያምነው።»

ሌባ ሆኖ የሚጫወተው እሱ ነበር። ከጥርሷ የሚከላከል ወፍራም ልብስ ሲጠይቅ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ወደ ጓዳ ገቡና የባላቸውን አሮጌ ካፖርት ይዘው ወጡ። ስብሐት ለብሶት ዱላ እያወዛወዘ በበሩ ሲገባ መከታ ተወርውራ ዱላውን ነጠቀችው። ትሕትና እስክታነባ ሳቀች። እናቷ ግን አልሳቁም። ካፖርቱን አተኩረው አዩትና «ውኃ ጥጄ ነበር» ብለው ገቡ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ገና አለፈ። ከጥምቀት በኋላ አንድ ቀን ስብሐት ሳይደውል ማዕከሉ መጣ። ትሕትና የኮሶ ችግኝ ስታዛውር ደረሰባት። ሰላም ብሏት ችግኝ ያቀብላት ጀመር። አንድም ቀልድ አልቀለደም።

«ምን ሆነሃል?»

«ጅግጅጋ ሥራ አግኝቻለሁ። ጥሩ ሥራ ነው። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት መልስ እፈልጋለን ብለውኛል።»

የያዘችው ችግኝ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። «እንኳን ደስ ያለህ» አለች። ድምፅዋ ግን እንኳን ደስ ያለህ የሚል አልነበረም።

«ትሕትና... ሽማግሌ ልላክ?»

ዞር ብላ አየችው።

«እናትሽ እሺ ካሉ የትም አልሄድም። እምቢ ካሉ ግን እሄዳለሁ። በበራችሁ እያለፍኩ መኖር አልችልም።»

«የምትልክ ከሆነ...» አለች መሬት መሬት እያየች፣ «እሁድ ጠዋት ይሻላል። እኔ ሥራ እገባለሁ። እማዬ ቤት ናት።»

ስቆ ጥፍሯ ውስጥ አፈር ያለበትን እጇን ያዘው። አልደበቀችውም።

ቅዳሜ ማታ ትሕትና እናቷን በጨረፍታ እያየች «እማዬ፣ ነገ ጠዋት እንግዳ ሊመጣ ይችላልና መከታን እሠሪያት፣ እሺ?» አለቻቸው። ሽማግሌ ይመጣል ብሎ ለእናት በግልጽ መንገር ለሴት ልጅ ያሳፍራል። እናት የሚገባቸውን ያህል ገባቸው። «እሺ» ብለው የበሩን ቁልፍ ሊያዩ ወጡ።

እሁድን እንዴት እንዳሳለፈችው እሷ ታውቃለች። የአንዱን ችግኝ ምልክት በሌላው ላይ ሰካች። ስልኳን አወጣች፣ ከተተች፣ ደግሞ አወጣች። ወደ ቤት ስትመለስ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደችው። መከታ በሩ ላይ ሳትታሠር ጠበቀቻት።

«እማዬ... ሰው መጥቶ ነበር?»

«ማንም አልመጣም» አሉ እናት፣ ሽንኩርት ከሚልጡበት ቀና ሳይሉ።

ትሕትና ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። አልመጡም። ሊልክ ነው ብላ እናቷን ሳይቀር አስጠንቅቃ፣ አልላከም! ልደውል ብላ ስልኳን አነሳች። ምን ብላ? ለምን ሽማግሌ አልላክህም ብላ? ሴት ልጅ ይህን ትጠይቃለች? ስልኩን ወረወረችው። ይደውላል ብላ ጠበቀች። ሰኞም፣ ማክሰኞም አልደወለም። ቅዳሜ ደረሰ፤ የበሩ ብረት አልተንኳኳም። መከታም ከበሩ ሥር ተኝታ ስትጠብቀው ዋለች።

አዲሱ ገበያ ታክሲ ተራ ላይ ድንገት ተገጣጠሙ። ከስቷል። እሷም ከስታለች፤ ግን የየራሳቸውን አላዩም።

«እንዴት ነሽ?»

«ደህና።»

«እናትሽን ሰላም በይልኝ። ውሻችሁንም... ጎበዝ ናት።»

«ውሻዋን?» አለች ትሕትና። ደሟ ፈላ። «ሌላ የምትለኝ የለም?»

«ሌላውን እናንተ ብላችሁታል» ብሎ ታክሲ ውስጥ ገባ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም። ጥፋተኛው እሱ ሆኖ ሳለ እንደ ተበደለ ሰው ፊቱን ማዞሩ አቃጠላት፤ መንገዱን ሁሉ ብቻዋን እየተጨቃጨቀች ሄደች። ጾሙ ሊገባ ሳምንት ቀርቶት ነበር።

በማግሥቱ፣ የመድኃኔ ዓለም ዕለት ጠዋት፣ የመከታን ቤት ልታጸዳ ጎንበስ አለች። የሚነጠፍላትን ጆንያ ስትስብ አንድ ጠንካራ ነገር አብሮ ወጣ። ከዘራ ነው። ጥቁር ከዘራ፣ አንገቱ ላይ የነሐስ ቀለበት ያለው። ጫፉ በጥርስ ተበልቷል።

ታውቀዋለች። ስብሐትን ያሳደጉት አጎቱ የአቶ ግዛቸው ከዘራ ነው። የስብሐት ክሊኒክ በር ላይ ተደግፈውበት ሲቆሙ ስንት ጊዜ አይታቸዋለች! አቶ ግዛቸው ደግሞ እነ ትሕትና ቤት መጥተው አያውቁም። ምናልባት ከዚያ እሁድ በስተቀር።

ከዘራውን ይዛ ወደ ቤት ገባች።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ከዘራውን ሲያዩ የያዙትን ሰፌድ ቀስ ብለው አስቀመጡ። አልካዱም።

«መጥተው ነበር» አሉ። «ሦስት ናቸው። ጋቢ ለብሰው። ‹ቤቶች፣ ውሻ ያዙ!› እያሉ ሲጣሩ በመጋረጃ አየኋቸው። ገመዱን አነሳሁ፤ ማርያምን፣ አንስቼ ነበር። እግሬ ግን ከደጃፉ አልወጣ አለኝ። ደግመው ተጣሩ። ሽማግሌው ከዘራቸውን በበሩ ብረት መሃል ሰደው ሊያባርሯት ሲሉ ነጠቀቻቸው። እኔም ቆሜ አየሁ።»

«ለምን? እማዬ፣ ለምን?»

«ያ ልጅ ያባትሽን ካፖርት ለብሶ ሌባ ሆኖ ሲገባ የሚወስድብኝን ዕቃ አየሁት፤ አንቺን ነበር። አንቺን ወስደውብኝ ውሻዋ ማንን ትጠብቅ? እኔንና ባዶውን ግቢ?»

ትሕትና ማዘን እንዳለባት ታውቃለች። ግን በዚያች ሰዓት ንዴቱ ቀደማት።

«ውሻ ያላሠራችሁት አንሰጥም ለማለት ነው ብለው ነዋ የሄዱት! እኔ ምንም ሳላውቅ ጥፋተኛ ሆንኩ! እሱ ሊሄድ ነው፣ እማዬ! እኔ ሌባ ፈርተን ውሻ ያስገባን መስሎኝ ነበር... አንቺ የፈራሽው የኔን መሄድ ነው እንዴ?»

ትሕትና በሩን በኃይል ዘግታ ወደ ሥራ ወጣች። በመንገድ ላይ ስብሐት ጋ ደወለች፤ አያነሳም። ደግማ ደወለች። ችግኞቹ መሃል ቆማ አለቀሰች፤ መልሳ ደግሞ የእናቷ ፊት ትዝ አላትና ለእሳቸውም አለቀሰች። ከምሳ በኋላ አላስችል ብሏት አስፈቅዳ ወጣች።

ቤት ስትደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ስንቴ ተቆልፎ የሚነካካው በር! እናቷ የሉም። መከታ የለችም። ከዘራው የለም። «እማዬ!» ብላ ጓሮ ድረስ ሮጠች። ስልኳ ጮኸ። ስብሐት ነው።

«ትሕትና... እናትሽ እኛ ቤት ናቸው። ‹አልቀመጥም› ብለው ቆመዋል። ቶሎ ነይ።»

ታክሲው በእግሩ የሚሄድ መሰላት። አዲሱ ገበያ ወርዳ እየሮጠች የአቶ ግዛቸው ግቢ ስትደርስ እናቷን አየቻቸው። የቤተ ክርስቲያን ነጠላቸውን ለብሰዋል። በግራ እጃቸው የመከታን ገመድ፣ በቀኛቸው ከዘራውን ይዘው ሳሎኑ መሃል ቆመዋል። አቶ ግዛቸው ወንበራቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል።

«ይቀመጡ ብያለሁ እኮ፣ ወይዘሮ ሙሉእመቤት።»

«ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም። ሽማግሌ አይቀመጥም።»

«ሴት ሽማግሌ አይተን አናውቅም።»

«እኔም ሽማግሌ በውሻ መልሼ አላውቅም ነበር» አሉ እናት። «አቶ ግዛቸው፣ ልጅዎን ለልጄ ብዬ ነው የመጣሁት። ባሌ ሞቷል፤ የምልከው ሽማግሌ የለኝም። ያለችኝ ይህች ውሻ ናት፣ እሷን ይዤ መጣሁ። ልጄ ምንም አታውቅም። ልጅዎ ምንም አላጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ብቻዬን መቅረት ፈርቼ። ጅግጅጋም ይውሰዳት... ብቻ እንደዚህ ተኳርፈው አይለያዩብኝ።»

ከዘራውን በሁለት እጃቸው ዘረጉላቸው። ትሕትና በሩ ላይ ቆማ እንባዋ ይወርዳል። ጠዋት የተናገረችውን ሁሉ መልሳ ብትውጠው ወደደች።

አቶ ግዛቸው ከዘራውን ተቀብለው የተበላውን ጫፍ ደጋግመው አዩት።

«ዱላ መቀማት ማን ነው ያስተማራት?»

ሁሉም ወደ ስብሐት ዞሩ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለ አንገቱን ሰብሮ።

«ዱላ የያዘ ሁሉ ሌባ ነው ብለህ?»

«ሽማግሌም ከዘራ እንደሚይዝ... ረሳሁት።»

አቶ ግዛቸው ኩርፊያቸውን ሊይዙት ታገሉ፤ አልቻሉም። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ሰማችሁ? የራሱን ሽማግሌ በራሱ ውሻ!» ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ኮስተር አሉ። «እንግዲህ ወግ ወግ ነው። መጀመሪያ የመጣ ሽማግሌ በቀጠሮ ነው የሚሸኘው። እንመካከርና እሁድ መልሱን ይዘን እንመጣለን።»

«ውሻዋን አሥራለሁ» አሉ ወይዘሮ ሙሉእመቤት።

«ይሠሯት እባክዎ!»

ያን ጊዜ ተቀመጡ።

ትሕትና እናቷን አቅፋ ረጅም ጊዜ ቆየች። ደጅ ስትወጣ ስብሐት ይጠብቃታል።

«ለምን አልደወልክም?»

«መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አይተናል፣ አውቀው ነው ያልከፈቱት አሉኝ። ካሁን በኋላ ብትለምናቸው አጎቴ አትበለኝ አሉ። ዛሬም ስትደውዪ ሕመምተኛ ላም ሥር ነበርኩ... አንቺስ ለምን አልደወልሽም?»

«ጠይቀኝ ብዬ ልጠይቅህ?»

«እምቢ ያለኝን ቤት ልለምን?»

«እኔ መች እምቢ አልኩ!» ብላ ደረቱን መታችው። እጇን ያዘው፤ ሁለቱም ሳቃቸውና እንባቸው ተደባለቀ።

«ጅግጅጋስ?»

«ግመሎቹ ሌላ ሐኪም ይፈልጉ።»

እሁድ ጠዋት ትሕትና ሥራ አልገባችም። ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ጣቷን ትቆጥራለች። ከበሩ ውጭ ድምፅ ተሰማ።

«ቤቶች! ውሻ ያዙ!»

«ይዣለሁ!» አሉ ወይዘሮ ሙሉእመቤት፣ በአንድ እጃቸው ገመዱን ጠምጥመው በሌላው በሩን እየከፈቱ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ገቡ። አንድም ከዘራ የያዘ የለም። አቶ ግዛቸው የጓደኛቸውን ትከሻ ተደግፈው፣ ባዶ እጃቸውን ከፍ አድርገው ለመከታ እያሳዩ ነው የሚራመዱት።

ሳሎን ገብተው ቆሙ። አቶ ግዛቸው ጀመሩ።

«ወይዘሮ ሙሉእመቤት፣ ልጃችንን ለልጅዎ ብለው ጠይቀውናል። ተመካክረን እሺ ብለናል። እኛም በበኩላችን ልጅዎን ለልጃችን ብለናል። ልጁ ግን አንድ ልመና አለው። እርስዎ ጓሮ ባዶ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለሌላ ሰው እንዳያከራዩበት ይለምናል። የውሻዋን ሥልጠና አልጨረስኩም ነው የሚለው።»

ወይዘሮ ሙሉእመቤት አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ገመዱ ከእጃቸው ወደቀ። መከታ ተለቀቀች! ሽማግሌዎቹ ባሉበት ደረቁ። ውሻዋ ቀስ ብላ አቶ ግዛቸው ዘንድ ሄደች፣ ባዶ እጃቸውን አሸተተች፣ ከእግራቸው ሥር ተጋደመች።

«ቁጭ በሉ እንጂ!» አሉ ወይዘሮ ሙሉእመቤት እያለቀሱ። «ሰጥቻለሁ... ቁጭ በሉልኝ!»

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ከመጋረጃው ጀርባ ያለችውም እግሯ ከስንት ጊዜ በኋላ ዐረፈላት።

እንግዶቹ ተመርቀው ሲሄዱ ወይዘሮ ሙሉእመቤት እስከ መንገዱ ሸኟቸው። ተመልሰው ገብተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። መከታ ከጎናቸው ተኛች። ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ድረስ እንግዶቹ የወጡበት በር ክፍት እንደሆነ ትዝ አላላቸውም።